የእናታችን ተዝካርና የወንድሜ መድን

ተናገሪ ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ሞጣ ልጄ ቤት ከርሜ ነበር። ጎረቤት ልጠይቅ አብረን ገባንና ገና "እንዴት ዋላችሁ" ብዬ ሳልጨርስ "የዘንድሮውን የጤና መድን አሳደሳችሁ ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ትልቋ ትዕግሥት፣ "እምዬ፣ ሰው ጤና ይስጥልኝ ይላል፣ አንቺ መድን ይስጥልኝ ነው የምትይ" አለች። ታናሽዋም፣ "ቀበሌው ደሞዝ ሊቆርጥላት ይገባል!" ብላ ጨመረችበት። ስቄ ላልፈው ነበር፤ አልሆነልኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ትዕግሥት ክንዴን ይዛ፣ "በወንድምሽ በእንየው ነገር ነው አይደል? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ከመጀመሪያው ንገሪን" አለችኝ።

ነገርኳቸው። ደግሞ ለእናንተም ይሁን ብዬ እጽፈዋለሁ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል ያወቅሁት የቄስ ተማሪዎች ሲጮኹ ከአጥር ውጭ ሆኜ እየሰማሁ ነው። አጻጻፌ ከጎረበጣችሁ እንደ ጨዋታ ስሙልኝ።

ያን ጊዜ ቤቴ ቢቸና ነበር፣ የምገባበት ቀን ጥቂት ቢሆንም። እግሬ አያርፍም። ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ አብሹን በትንንሽ ከረጢት ቋጥሬ ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ሞጣ፣ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ። የንግሥ በዓል ከሰማሁ ደግሞ መንገዴን ትቼ ተሳልሜ እመጣለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና "አንቺን ያገኘሁሽ መንገድ ላይ፣ የምቀብርሽም መንገድ ላይ" ይለኝ ነበር። እሱው ቀደመኝ።

እንየው ታናሽ ወንድሜ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ሄደና አፈር የሚዳምጠውን ሮለር ሲነዳ ኖረ። ከደጀን ወዲህም ወዲያም እሱ ያልዳመጠው መንገድ ያለ አይመስለኝም። በኋላ ግን ያ መኪና ወገቡን በላው፤ ኩላሊቱም ታመመ። ለጡረታ የሚያበቃው ዕድሜ ሳይደርስ ሥራውን ተወና ቢቸና መጣ፤ ከጓሮዬ አንዲት ክፍል ቀልሶ ተቀመጠ። ሚስቱ ከተለየችው ቆይቷል፣ ልጅ የለው። መሬት ሲደለደል አገር ውስጥ ስላልነበረ መሬትም የለው።

አንዲት ነገር ነበረችው። በሥራ ዘመኑ ከደሞዙ በየወሩ እየተቆረጠ የተቀመጠለት፣ እነሱ ፕሮቪደንት የሚሉት ገንዘብ። ሥራ ሲለቅ ሊያወጣው ይችል ነበር፤ አልነካውም። "ሲመሽብኝ የማበራት ኩራዝ ናት" ይል ነበር።

የመድኑን ነገር የማታውቁ ትኖራላችሁና ላስረዳ። እኛ አገር እህሉ ተወቅቶ ሲያልቅ፣ ሰው እጁ ላይ ፍራንክ ሲገኝ፣ ለዓመቱ የጤና መድን ይከፍላል። የከፈለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲታመም ለሕክምና አይጠየቅም። መክፈል የማይችለውን ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ይመርጣል፤ ለተመረጠው መንግሥት ይከፍልለታል። ቦታው ግን ጠባብ ነው፣ ለቀበሌው ይህን ያህል ሰው ተብሎ ተቆርጦ ነው የሚመጣ። እንየው መሬት የለው፣ ከብት የለው፣ ደሞዝ የለው፤ ሰዉ እጁን አውጥቶለት ከተመረጡት አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ለኩላሊቱ መድኃኒቱን ሳይከፍል ይወስዳል። ባንክ የተኛችውን ገንዘቡን ማንም አልቆጠረበትም። ሰው የሚቆጥር በዓይኑ ያየውን ነው።

እናታችን የሞተች ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ተዝካሯ ሳይወጣ ቀረ። ይህ ነገር እንየውን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። የሌላ ሰው ተዝካር ተጠርቶ በልቶ ሲመለስ ሁለት ቀን አይናገርም። አንድ ቀን በኅዳር ከገበያ ስገባ ደጄ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

"እታለም፣ ያችን ገንዘብ ላወጣት ነው" አለኝ።

"ምን ልትሆንህ?"

"ለእማማ ተዝካር።"

"ኩራዝህስ?"

"ለሷ ይብራላት። እኔ እንደሆነ በጨለማም እሄዳለሁ፣ መንገዱን እኔ ነኝ የዳመጥኩት" ብሎ ሳቀ።

"ግማሹን እንኳ አስቀር። ለክፉ ቀን።"

"ክፉ ቀን ማለት መታመም አይደል? ለመታመሙማ መድን አለኝ" አለኝ።

ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? ልክ መሰለኝ። ገንዘቡን ያወጣው መድኑን ተማምኖ ነው፤ ገንዘቡን ማውጣቱ መድኑን እንደሚነካበት እሱም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት።

ተዝካሩስ አማረ። ዳሱ ከጓሯችን አልፎ እስከ ጎረቤት አጥር ደረሰ። ሰንጋ ተጣለ። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ነዳያን ጠገቡ፣ ጠላው ለማግሥቱም ተረፈ። እንየው ያን ቀን አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ወገቡ የታመመ ሰው የማይመስል፣ በዳሱ መሐል እየዞረ "ብሉ፣ ስለ እማማ ብሉ" ሲል ዋለ።

ዳሱ ጥግ የሺ ትሠራለች። የሺ ባሏ የሞተባት ናት፤ ሰው ድግስ ሲኖረው ሳህን አጥባ፣ ውኃ ቀድታ ነው የምታድር። ልጇ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ተኝታለች። ሲደክማት ከንፈሯ የሚጠቁር ልጅ ናት። እንየው አየና ቆመ።

"ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?"

"ልቧ ነው አሉኝ አያ እንየው። ትልቅ ሐኪም ይያት ካሉኝ ቆየ።"

"እና?"

"እናማ እንደሚያዩን ነን" አለች የሺ፣ ሳህኗን እያጠበች። እንየው ጋቢውን አውልቆ ልጅቱን አለበሳት። የበላው ሰው ሁሉ መርቆት ሄደ።

ጥር ላይ ስብሰባ ተጠራ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር። የዓመቱ ነጻ መድን ለማን እንደሚሰጥ የሚቆረጥበት ቀን ነው። ሰብሳቢው የቀበሌው ሽማግሌ አያ ታዘብ ናቸው፣ አጠገባቸው ከጤና ጣቢያ የመጣች ልጅ ተቀምጣለች። ስም እየተጠራ እጅ ይወጣል። "እንየው" ሲባል እንደ አምናው የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። መልኬ የሚባል ጎረቤታችን ተነሣ። መልኬ ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ግን ከሰውነቱ ይቀድማል።

"አያ ታዘብ፣ እኔ ነገር አልወድም" አለ።

"አትወድም፣ ትበላዋለህ እንጂ" አለው አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

"እንየው ወዳጄ ነው። ነገር ግን ሰንጋ ጥሎ አገሩን ያበላን ሰው ድኃ ነው ብዬ እጄን ካወጣሁ፣ እኔ እበት የምጠርግ ሰውዬ ምን ልባል ነው? ሥጋው እኮ ገና ከጥርሴ አልወጣም!"

ደግሞ ሳቅ ሆነ። አያ ታዘብ በዱላቸው መሬቱን ቆረቆሩና ወደ ልጅቱ ዞሩ። "ምን ይላል ሕጉ?"

ልጅቱ ተጨነቀች። "በዓመቱ እጁ የገባው ይታያል" አለች። "ባንክ ሳለ ማንም አላየውም። ከወጣ ግን ገቢ ነው ይባላል።"

"ገብቶ ወጥቷል እኮ! አንዲትም አልቀረችው!" አልኩ ተነሥቼ።

"እሱን እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ እማማ። አልቆብኛል ካሉና ሕዝቡ ካመነ ይቆያሉ።"

አያችሁ፣ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። የለኝም፣ አልቋል፤ ይኸው ነው። መልኬም እኮ እሱ እንዲህ ቢል እጁን ከሁሉ ቀድሞ የሚያወጣ ሰው ነው። ሁሉም ወደ እንየው ዞረ። ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"የእናቴን ተዝካር ያወጣሁ ሰው ነኝ" አለ። "በማግሥቱ ድኃ ነኝ ብዬ ከሕዝብ ፊት አልቆምም። ፋቁኝ።"

የአሮጌ ጋቢውን ጫፍ ሳብኩት፤ ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። "እንደ ሰዉ ከፍዬ እገባለሁ እታለም" አለኝ። አያ ታዘብ አንገታቸውን ደፍተው "ይፋቅ" አሉ። ቀጥሎ የየሺ ስም ተጠራ፣ እጅ ወጣላት፣ ስብሰባው ተበተነ።

ከዚያ እኔ ወደ ገበያዬ ሄድኩ። የመክፈያው ጊዜ ሳያልፍ ቢቸና ስመለስ፣ "ከፈልክ ወይ?" አልኩት።

"ጨርሻለሁ" አለኝ።

አመንኩት። ለምን አላምነውም? እንየው ዋሽቶኝ አያውቅም።

ክረምት ገባ። ሞጣ ልጄ ወርቄ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ከረምኩ። ፍልሰታ ሲገባ ሱባዔዬን በአገሬ ልያዝ ብዬ በጠዋቱ መኪና ተሳፈርኩና ከቀትር በፊት ቢቸና ገባሁ። ጓሮው ጸጥ ብሏል። በሩን ገፋ አደረግሁት። አልጋው ላይ አልተኛም፤ መተኛት አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አብጧል፣ እግሩ እንደ ቅል ሆኗል። ትንፋሹን ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው ነው የሚስበው።

"እንየው! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ትንሽ ቆየ።"

"መድኃኒትህስ?"

"አለቀ።"

"ለምን ሄደህ አልወሰድህ?"

መልሱን ሳልጠብቅ ባጃጅ ጠርቼ፣ ሾፌሩና እኔ ደግፈን አውጥተን ወደ ሕክምና ወሰድነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ "መድን አላችሁ?" አለችኝ። "አለን እንጂ!" አልኳትና ወደሱ ዞርኩ። "የት ነው ያስቀመጥከው?"

አንገቱን ደፋ። "እታለም" አለ በሹክሹክታ፣ "አልከፈልኩም። የምከፍለው አልነበረኝም።"

 የቅመም ከረጢቴን ፈትቼ ያለኝን ከፈልኩ። ሐኪሙ አየውና ይህ ከኛ አቅም በላይ ነው፣ ቶሎ ከፍ ወዳለ ሐኪም ውሰጂው ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ሞጣን መረጥኩ። ሞጣ ወርቄ አለችልኝ፤ ማደሪያ አለ፣ የሚያበድር ሰው አለ።

መኪናው ሞልቷል። ረዳቱ እንየውን አየና "እናት፣ የታመመ ሰው ሁለት ወንበር ነው የሚይዝ" አለ።

"ይህ ሰው ይህን መንገድ ሲዳምጥ አንተ ገና አልተወለድህም። ወንበሩን ልቀቅ" አልኩት።

ረዳቱ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ ራሱ ተነሥቶ የፊቱን ወንበር ለቀቀልን። "ይግቡ አባት" አለው። "መንገዱን ሠርተውልን ቆመውማ አይሄዱም።" እንየው በዚያ ሁሉ ጭንቅ ፈገግ አለ።

ዝናቡ መስተዋቱን ይደበድበዋል። ደብረ ወርቅን አለፍን። ከዚያ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

"ተቆጥተሽኛል።"

"አልተቆጣሁም። ሁለት ቃል ብትናገር ኖሮ ብዬ ነው።"

"የትኛውን ሁለት ቃል?"

"የለኝም፣ አልቋል።"

 "ከአፌ አልወጣልኝም" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ "እታለም፣ የእማማ ተዝካር ግን አማረ አይደል?"

"አማረ።"

"ያልበላ ሰው ነበር?"

"የለም። ሁሉም በላ።"

"እንግዲያስ ይሁን" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሞጣ ስንደርስ ወርቄ አራስ ጎኗን ይዛ፣ የታቀፈችውን ሕፃን ለጎረቤት ሰጥታ ሮጣ መጣች። ሕክምና ቤቱ ውስጥ ሰዎቹ መልካም ናቸው፣ ማንም አልገፋንም። ግን በየበሩ የምንጠየቀው አንድ ነበር። ካርድ የምትሰጠው "መድን አላችሁ?" ደም የሚቀዳው "መድን አላችሁ?" መድኃኒት የሚያድለው "መድን አላችሁ?" እኔ "የለንም" ባልኩ ቁጥር እንየው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከሕዝብ ፊት ላለማለት የሸሻት ቃል፣ ይኸው በየበሩ እኔ አልኩለት። ወርቄ በጓን ሸጠች። ሁሉም ተከፈለ፤ ሳይታከም የቀረ ነገር አልነበረም።

የቀረው ጊዜው ነው። በማግሥቱ ጠዋት ወጣት ሐኪም ወደ ውጭ ጠራኝ።

"እማማ፣ ኩላሊቱ ጨርሶ ደክሟል። ውኃው ሳንባው ገብቷል። ወደ ባሕር ዳር እንዳንልከው መንገዱን የሚችል አይመስለኝም።"

"ቀድሞ ቢመጣስ ኖሮ ልጄ?"

 "መድኃኒቱን ባያቋርጥ ብዙ ይቆይ ነበር" አለ። ሊዋሸኝ ሞክሮ ያቃተው መሰለኝ።

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት፤ መሪ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው፣ መዳፉ ደርቋል። ስለ ልጅነታችን አወራሁለት፤ ጠምበለል አበባ ለቅመን እናታችን ራስ ላይ ስለሰካነው፣ እሷም ሳታውቅ እንዲሁ ገበያ ስለ መሄዷ። ሳቀ ልበል፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የፍልሰታው ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ሊገባ ደወል ሲደወል ሰማን። "ቅዳሴ ሄደሽ ተሳለሚልኝ" አለኝ። "ካንተ ጋር ነው የምሄድ" አልኩት። ደወሉ ዝም ሲል እሱም ዝም ብሏል።

አስከሬኑን ቢቸና አስገባነው። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው መልኬ ነበር። ማንም ልቀይርህ ቢለው ትከሻውን አልለቀቀም። ከቀብር መልስ እግሬ ላይ ወድቆ፣ "እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ምላሴ ነው" አለኝ። አነሣሁት። "አንተ ያየኸውን ተናገርህ" አልኩት። እውነቴን ነው። በልተው ዞሩበት የሚል ሰው ነበር፤ እኔ አልልም። ሰዉ ሰንጋውን አየ፣ የኪሱን ባዶነት ግን አላየም። ራሱ ካልተናገረ ማን ያይለታል?

ልጆቼ፣ የምታነቡኝ ሁሉ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ። ዛሬም እዞራለሁ፤ አሁን ግን ከቅመሜ ጋር ይህችን ጥያቄ ይዤ ነው የምዞር። ሥራችሁን በጊዜ ለቅቃችሁ የተጠራቀመች ገንዘብ ያለቻችሁ ብትኖሩ፣ ለተዝካርም ይሁን ለሰርግ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ገንዘብ ተኝታ ሳለች ዝም ትላለች፤ ስትወጣ ግን ስለ እናንተ ትናገራለች፣ የማታውቁትንም ትናገራለች። ከምታወጡትም መጀመሪያ የዓመቱን መድን ክፈሉ፣ ሰንጋው ቀጥሎ ይደርሳል። የለኝም ማለት ደግሞ ነውር አይደለም። ይህን ለብዙ ዘመን ስናገር ኖሬያለሁ። ወንድሜን ኩራት ገደለው እያልኩ፣ እንደ እንየው አትሁኑ እያልኩ።

አምና በደብረ ወርቅ ገበያ ቅመሜን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሴት ቆመችብኝ። አጠገቧ ቁመቷ ከሷ የበለጠ ልጅ አለች፣ ከንፈሯ ደኅና ቀይ። አላወቅኋትም። "የሺ ነኝ" አለችኝ። ልጇ ከዚያ ስብሰባ ጥቂት ጊዜ በኋላ በመድኑ ከሐኪም ሐኪም ተልካ ልቧን ታክማ ድናለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ የሺ ከረጢቶቼን እያስተካከለች፣ የማውቀው መስሏት፣ እንደ ዋዛ ነገረችኝ።

በስብሰባው ዋዜማ አያ ታዘብ ለእንየው ነግረውት ነበር አለችኝ፤ ቦታው ሞልቷል፣ ካንተ ቀጥላ ያለችው የሺ ናት፣ አንድ ሰው ካልወጣ አትገባም ብለው። እሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቷ ደጅ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ፣ "ነገ ገበያ እንዳትሄጂ፣ ከስብሰባው አትቅሪ፤ አንድ ቦታ ይለቀቃል" ብሏት ሄደ።